ፀሐይማ ሞልታለች፤ የሚጠግን ልጅ ነው የጠፋው

«ሲስተር፣ ልጄ የሶላር ጥገና ልማር እያለ ነው። ይሄ ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ? አምፖል ሰቃይ ሆኖ ሊቀርብኝ ነው ወይ?»

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት እናት ናት፤ ጥያቄው ግን የብዙ ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ይህ ቁጥር ወደ ሰው ሲመለስ በየመንደሩ «ወደቀ» ተብሎ ቤት የተቀመጠ ልጅ ነው። ከፊሉ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፣ ከፊሉ በደላላ ዐረብ አገር ለመሄድ ያስባል፣ ከፊሉ ስልኩን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጅ ራሱ ተነሥቶ «የእጅ ሙያ ልማር» ካለ፣ ከመቆጣት በፊት ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ነርስ ነበርኩ። ስለ ሶላር አስተያየት እንድሰጥ የሚያደርገኝ የክትባት ፍሪጅ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። አገራችን የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት መብራት በሌለበት ሁሉ ፍሪጁ የሚሠራው በላምባ ነበር። የኔ ዘመን ነርሶች ያስታውሱታል፦ ክሩን መከርከም፣ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ጎንበስ ብሎ ማየት፣ ጥላሸቱን መጥረግ። ላምባው ያለቀ ዕለት ክትባቱ ይሞቃል። በእኛ ደጋ ደግሞ ሌሊቱ ሲበረታ ይቀዘቅዛል ብቻ ሳይሆን ይረጋል፤ ፔንታ የምንለውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ አንዴ ከረጉ አይመለሱም። በዓይን ሲያዩት ብልቃጡ ደህና ይመስላል፤ ልጁ ግን የተወጋው ውሃ ነው።

ሶላሩ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀለለ። አዲሶቹ ፍሪጆች ባትሪ እንኳ የላቸውም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ፓነል ኮምፕረሰሩን በቀጥታ ያንቀሳቅሳል፣ ቀን የሠራው ቅዝቃዜ በበረዶ መልክ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ቢያንስ ሦስት ቀን ብትጠፋም ክትባቱ አይበላሽም። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ዕቃ ነውና ይበላሻል።

አንድ ጤና ኬላ አውቃለሁ፤ ስሙ ይቅር። ፍሪጁ ቆመ። በኋላ እንደታየው ጥፋቱ ከጣሪያ ወደ ውስጥ የሚገባው ሽቦ መጋጠሚያ ውሃ ገብቶበት መዛጉ ነበር። ቴስተር የያዘና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ያ ሰው እስኪመጣ ግን ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ከጤና ጣቢያ በእግር እያመላለሱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይከትቡ ነበር። ልጇን አዝላ በሌላ ቀን የመጣች እናት «ሳምንት ተመለሺ» ትባላለች። ሳምንት ዝናብ ይሆናል፣ ሳምንት ገበያ ይሆናል፣ ሳምንት ውቂያ ይሆናል። ኩፍኝ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ክፍተት ነው። መንገድ በተዘጋባቸው ወራትማ «ባለሙያው ከአዲስ አበባ ይመጣል» ማለት ራሱ ቀልድ ነበር።

ሶላር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንዲት መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተክል ቆሞ ለ300 ያህል ቤተሰብ መብራት ሰጥቶ ነበር፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። የዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ደግሞ ከሕዝቡ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ፣ ይኸውም በአብዛኛው በሶላር፣ መብራት እንዲያገኝ ነበር ያቀደው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ፓነሉ በመርከብ ይመጣል። የሚጠግነው ሰው ግን በመርከብ አይመጣም።

ይህን አስቀድማ የተረዳች አንዲት የክልላችን መንደር አለች። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለችው ሬማ እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ በሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት በየቤቱ ትንንሽ ሶላር ገባላት። ድርጅቱ ፓነል አድሎ አልሄደም፤ እዚያው መንደሩ ውስጥ የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ቤተሰቦችም ለጥገናው በየወሩ አነስተኛ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይህችን ወርኃዊ ክፍያ ነው። ክፍያ ካለ የጠጋኙ ልጅ እንጀራ አለ፤ እንጀራው ካለ ልጁ አገሩ ላይ ይቀመጣል። በነጻ የተሰጠ ዕቃ ሲበላሽ ግን ሁሉም ሰጪውን ነው የሚጠብቀው።

ማን ይሠልጥን የሚለውም ጥያቄ ከጤናው ሥራ የምናውቀው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የተመረጡት አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው ከሚያገለግሉት ቀበሌ የተገኙ ሴት ልጆች ነበሩ። አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየጤና ኬላው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ያኔ ብዙ የተማርን ሰዎች «አንድ ዓመት ምን ይበቃል?» ብለን አጉረምርመን ነበር። የበቃው ዓመቱ ብቻ አይደለም፣ የልጆቹ አገር መሆኑ ነው። ቋንቋውን፣ መንገዱን፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ሳይቀር ያውቃሉ። ሌሊት ቢጠሯቸው ቅርብ ናቸው።

ሕንድ ውስጥ ራጃስታን በሚባለው ግዛት ቲሎኒያ በምትባል መንደር ያለው ቤርፉት ኮሌጅ ከዚህም አልፎ ሄዷል። መሥራቹ ቡንከር ሮይ ለሶላር ሥልጠና የሚመርጠው ወጣት ወንዶችን ሳይሆን ማንበብ የማይችሉ አያቶችን ነው። ወንዱ ወረቀቱን ይዞ ከተማ ይገባል፣ አያት ግን መንደሯን ጥላ አትሄድም ነው ነገሩ። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሴቶች ሄደው ስድስት ወር ተቀምጠዋል፤ የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው በቀለም፣ በምልክትና በማየት ተምረው፣ ተመልሰው የመንደራቸውን መብራት ገጥመዋል። ከኢትዮጵያም የሄዱ አሉ። ይህን የማነሣው አያቶች ሁላችሁ ነገ ጣሪያ ላይ ውጡ ለማለት አይደለም (ጉልበታችንን እናውቀዋለን)። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ከቻለችው፣ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጃችሁ፣ በተለይም ሴት ልጃችሁ፣ አትችልም የሚላችሁን እንዳትሰሙ ነው። ደግሞም ባል ሥራ በዋለበት ቤት ገብታ ሽቦ ለመመርመር ለሴት ይቀላል፤ እኛ በቤት ለቤት ጉብኝት ያየነው ነው።

እንግዲህ ልጁ ልማር ካለ፣ ስለ ሥልጠናው ምን ትጠይቃላችሁ?

ከሁሉ በፊት፣ እጁ ስንት ጊዜ ዕቃውን ይነካል? የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የትብብር ሥልጠና የሚለው አሠራር አለው፤ ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋሙ ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል። በወረቀት ላይ ግሩም ነው። እናንተ ግን ሄዳችሁ እዩ። ሠላሳ ልጅ አንድ ፓነል ከቦ አስተማሪው ሲጠቁም የሚያይ ከሆነ ያ ሥልጠና አይደለም፣ ጉብኝት ነው። መርፌ መውጋት በጥቁር ሰሌዳ አይለመድም፤ ሽቦ ማሰርም እንደዚያው። «ሥራ ቦታ» የተባለውስ የት ነው? ከማን ሥር? ልጁን ለሱቅ ጠባቂነት የሚፈልግ ነጋዴ ዘንድ ከሆነ ወራቱ ካርቶን በመሸከም ያልቃል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ብልሽት ያስተምራሉ ወይ የሚል ነው። መግጠም ቀላሉ ነው። ጥሩ አስተማሪ ሆን ብሎ አንዱን መጋጠሚያ ይፈታል፣ የባትሪውን አንድ ጫፍ ያላላል፣ ፊውዝ ያወጣል፣ ከዚያ «በሉ አግኙ» ይላል። ሐኪም በሽተኛን እንደሚመረምር ነው፦ መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ እይ፣ ከዚያ ለካ፣ በመጨረሻ ብቻ ክፈት። አምፖሉ ደከመ ሲባል ባትሪ ግዙ ብሎ የሚጀምር ቴክኒሻን ሳል ላለበት ሁሉ መርፌ እንደሚያዝ ሰው ነው። የ12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሞልቶ ያረፈ ከሆነ 12.7 ቮልት አካባቢ ያነብባል፤ ወደ 12 ከወረደ ከግማሽ በታች ነው። ይህን ሳይለካ የሚናገር ሰው የናንተን ገንዘብ ነው የሚያጠፋው።

ቤት ሲመጣ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። እንዲህ በሉት፦ «አራት 5 ዋት አምፖል አምስት አምስት ሰዓት ይበራል፣ 25 ዋት ቴሌቪዥን ሦስት ሰዓት ይታያል፣ ሁለት ሦስት ስልክ ይሞላል። ምን ያህል ፓነልና ባትሪ ልግዛ?» አምፖሎቹ 100 ዋት-ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑ 75፣ ስልኮቹ ወደ 25፤ በድምሩ በቀን 200 ይሆናል። ደመና ባለበት ወቅት የቀኑን ፀሐይ እንደ አራት ሙሉ ሰዓት ብንቆጥር 50 ዋት ፓነል ይወጣል፤ በሽቦና በሙቀት የሚባክነውን ጨምሮ ወደ 75 ዋት ያስፈልጋል። ባትሪው በ12 ቮልት በቀን 17 አምፒር-ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ፀሐይ ሁለት ቀን ብትጠፋ 34። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከተሟጠጠ ዕድሜው ስለሚያጥር የምትገዙት 70 ገደማ ይሆናል። ልጁ ይህን በወረቀት ሠርቶ ካሳያችሁ ተምሯል። «ትልቁን ግዙ» ብቻ ካለ ገና ነው።

ሦስተኛው ነገር አገሩን ማወቅ ነው። የደብረ ማርቆስ ፀሐይ የአፋር ፀሐይ አይደለችም። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አሥር ዲግሪ ላይ ነን፤ ስለዚህ ፓነሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ፣ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ትንሽ ጋደል ይላል፤ 15 ዲግሪ ያህል ይበቃል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ድረስ ግን ፀሐይ በቀትር ከእኛ በስተሰሜን እንደምታልፍ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? አረጋውያን የጥላቸውን መዞር ያውቁታል፤ ለልጁ ንገሩት። የጮቄ ሥር በረዶም አለ፤ የላላ ማሰሪያ ያለው ፓነል ከነቆርቆሮው ይነሣል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ባህር ዛፋችን ነው። ዛሬ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ፓነል በሦስተኛው ዓመት ጥላ ውስጥ ይገባል፤ የቅርንጫፍ ጥላ በአንድ ጥጉ ላይ ቢያርፍ እንኳ የጠቅላላው ፓነል ጉልበት ክፉኛ ይወርዳል። ሰዎች «ሶላሩ አረጀ» ይላሉ። ያረጀ ነገር የለም፤ ዛፉ ነው ያደገው። በውቂያ ሰሞን ደግሞ እብቁ ተነሥቶ መስተዋቱን ይሸፍነዋል። ጠዋት ፓነሉ ሳይሞቅ ለስላሳ ጨርቅና ውሃ ነው የሚፈልገው፤ በቀትር ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ መስተዋት ላይ መድፋት ሊያሰነጥቀው ይችላል። አመድና አሸዋ አይነካውም።

ስለ ወረቀቱም ላንሣ። የሶላር ተከላና ጥገና በአገራችን ራሱን የቻለ የሙያ ደረጃ አለው፤ ሠልጣኙ ሲጨርስ የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን፣ ይወስዳል። የሦስት ቀን ወርክሾፕ ሠርተፊኬት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ ከተማ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቀርባችሁ በዘንድሮው ዓመት የትኛው ደረጃ እንደሚሰጥ፣ ምዘናውን የት እንደሚወስዱ፣ ባለፈው ዓመት ከጨረሱት ልጆች ምን ያህሉ እንዳለፉ ጠይቁ። ጠያቂ ወላጅ አይጠላም። ቢጠላም ግድ የለም።

ገንዘቡንስ? ሀብታም ይሆናል ብዬ አልሸነግላችሁም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ የቤት መብራት ብቻ እየጠገነ የሚኖር ሰው ይቸገራል። የመስኖ ፓምፕ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ሶላር፣ የስልክ ቻርጅ ቤት፣ ተራ የቤት ኤሌክትሪክ ሥራም ከጨመረበት ግን ይኖርበታል። ለመጀመር ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ መላጫ፣ መሰላልና ገመድ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ቤተሰብ ለደላላ የሚከፍለውን አንድ አራተኛ ለዚህ ቢያወጣ ይበቃ ነበር እላለሁ። የቀበሌ አስተዳደሮችም ይስሙ፦ ጤና ኬላውንና ትምህርት ቤቱን በየሦስት ወሩ የሚያይ የአካባቢ ልጅ በትንሽ ክፍያ መያዝ ከአዲስ አበባ መኪና ከማስመጣት ይረክሳል።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ልጁን ስትልኩ ስለ ደኅንነት ምን እንደሚያስተምሩት ሳትጠይቁ አትመለሱ። ፓነል ማጥፊያ የለውም፤ ፀሐይ እስካለች ያመነጫል፤ ሲሠሩበት በወፍራም ጨርቅ ይሸፈናል። በርካታ ፓነል ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ብልጭታ እንደ ቤት መብራት ወዲያው አይጠፋም፤ ያቃጥላል፣ እሳትም ያስነሣል። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም፤ ብቻውንም አይወጣም፤ ሁለተኛ ሰው ከታች መሰላሉን ይይዛል። ከጣሪያ የወደቀ ሰው አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው እየጎተቱ አያነሡትም፤ አንገቱና ወገቡ ሳይታጠፍ፣ በብዙ እጅ፣ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አድርገው ይወስዱታል።

ባትሪው ደግሞ ለሕፃናት ነው የሚያሰጋው። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋልና መኝታ ክፍል አይቀመጥም፤ ኩራዝም ሆነ ክብሪት አይጠጋውም። አሲዱ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቆ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማንቆርቆር ነው፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና አይቀባም። ዓይን ከገባ ሽፋሽፍቱን ከፍቶ በዚያው ልክ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ልጅ ከጠጣው እንዲያስመልሰው አታድርጉ።

ያረጀውን ባትሪ ሰብሮ ውስጡን ማውጣት በየሠፈሩ የሚታይ ነገር ነው። በውስጡ ያለው እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። ብናኙ በእጅ፣ በልብስ፣ በአፈር ወደ ሕፃን አፍ ይገባል፤ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ ደም ያሳንሳል፣ «ይህን ያህልስ ምንም አይልም» የሚባል መጠን የለውም። ልጃችሁ ቴክኒሻን ከሆነ የሥራ ልብሱን ከቤት ውጭ ያውልቅ፣ እጁን ታጥቦ ብቻ ታናናሾቹን ይቀፍ። ያለቀ ባትሪ ሲቀይር ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ሳይከፈት ያስረክብ፤ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዝናብ በማይደርስበትና ልጅ በማይገባበት ቦታ ተቆልፎበት ይቀመጥ።